ጀርባ መስጠት

ዓርብ ገና ሳይነጋ አፉላ ዘንቧል፤
የመኪና ማቆሚያው ኩሬ ሆኖ አድሯል።
ሦስት መቶ ተመዝግቦ የመጣው ግማሹ፣
እነሱም ከመኪና መውረዱን ሲሸሹ።
ብስክሌቱ ሁሉ እንደ ርጥብ ዶሮ
አጥር ተደግፏል አንገቱን ቀብሮ።
ቁጥሬ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ነው፤
አንድ መርፌ ቁልፍ ብቻ ከጀርባዬ የያዘው።

ሌሊት ሌሊት ሥራዬ በረዶ ቤት ነው፤
አተር በካርቶን አድርጌ የምደረድረው።
ከዜሮ በታች ሃያ፣ ጓንት በጓንት ላይ፤
ብርድ ምን ያደርገኛል? አልኩኝ ሰማዩን ሳይ።

ጡሩንባው ተነፋ።
ነፋሱ ከባሕሩ በኩል ከኋላ ይገፋል፤
ፔዳሉን ሳልረግጠው መንገዱ ያልፋል።
የነፋስን ጉልበት የራሱ ያደረገ
ሞኝ አይቼ አውቃለሁ፤
ያን ጠዋት እኔ ነበርኩ።

ዓይን ሃሮድ ሳንደርስ ወጣቶቹ ተነሡ፤
እንደ ንብ መንጋ ተምመው፣ ጭቃ እየነሰነሱ፣
ጀርባቸውን ሰጡኝ።

በእኛ ቤት ጀርባ መስጠት ቀላል ነገር አይደለም።
እናቴ ሰርግ ላይ ባየቻት አንዲት ጀርባ
የገዛ እህቷን ሁለት ፋሲካ ዘግታታለች።

ጊልቦዓ።
ዝናብ እንዳይወርድባት ጥንት የተረገመች፤
እርግማኗን ማን እንደፈታላት እንጃ፣ ያን ዕለት ጠጥታ ሰከረች።
መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ በረዶ፣
የራስ ቁሬን እንደ ቆርቆሮ ጣራ ያንኳኳው ወርዶ።
መንገዱ ከጎማዬ ሥር ወንዝ ሆኖ ይሮጣል፤
እኔ ሽቅብ፣ እሱ ቁልቁል፤ ማን ማንን ይበልጣል?
ጣቶቼ ጠፉብኝ፤
ፍሬን መያዜን በዓይኔ ነው ያረጋገጥኩት።

ከኋላ ነጭ ቫን፣ የደከመውን የምትለቅም፤
ሹፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፦
«ግባ ወንድሜ፤ ማሞቂያ አለ፤ ማንም አያይህም።»
ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ናት
ከኮርቻው ላይ ያስነሳችኝ።

ቁልቁለቱን አላወራም። ፈጣሪና ፍሬኔ ያውቁታል።

ሜዳው ላይ ነፋሱ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል፤
ጠዋት ያበደረኝን ከነወለዱ ሊያስከፍል፣
ደረቴ ላይ እጁን አድርጎ ወደ ኋላ ይገፋኛል።
እዚያ ነው ግሪሻን ያገኘሁት።
ስልሳ አራት ዓመቱ፣ የቤት ሸአን በያጅ፣
ጢሙ ላይ በረዶ፣ ጫማው ላይ የዳቦ ላስቲክ።
የእሱ ዕብራይስጥ በሩስኛ ይንገጫገጫል፣ የኔው በአማርኛ፤
ነፋሱ ግማሹን ወስዶ ግማሹ ደረሰኝ፦
«ና... ከኋላዬ... ግባ።»

ገባሁ። አንድ ክንድ ያህል ከጎማው ተጠጋሁ።
ዓለም ጸጥ አለ።
ከዚያ ሰፊ፣ ርጥብ፣ ቢጫ ጀርባ ኋላ
ነፋስ የለም፤ ጭቃ ብቻ
ከጎማው እየተፈናጠረ አፌ ይገባል።
በላሁት።
ጀርባ ለካ እንዲህም ይሰጣል!
ለካ ሰው ፊቱን ለነፋስ የሚሰጠው
ጀርባውን ለሌላ ሰው ሊያተርፍ ነው።

ሁለት ኪሎ ሜትር እሱ፣ ሁለት እኔ።
በተራዬ ዞር ብዬ አላየሁም፤
የትንፋሹን ፉጨት እያዳመጥኩ፣
ሲርቅ አዘገምኩ፣ ሲቀርብ ረገጥኩ።

አፉላ ስንገባ የመድረሻው ቅስት የለም፤
አየሩ ወጥቶ፣ ተጠቅልሎ፣ መኪና ላይ ተጭኗል።
ሰዓቱም ተነቅሏል።
አንዲት ልጅ ብቻ ዣንጥላዋ ተገልብጦባት
ከነወረቀቷ ቆማለች፤
«ማነው የቀደመው?» አለች።
ግሪሻ ወደ እኔ ጠቆመ፤ እኔም ወደ ግሪሻ።
ልጅቷ በርዷታል፤ የፈለገችውን ጻፈች።

እሑድ ማታ በረዶ ቤት፣ አለቃዬ ዝቡሉን፦
«ስንተኛ ወጣህ?»
«ሁለተኛ» አልኩት።
ከየት በኩል ተቆጥሮ እንደሆነ
አልጠየቀኝም።
አተሬን መደርደር ጀመርኩ።