አጥንት ቆጠራ

ሰማሁት እንጂ አልተሰማኝም።
ካልሲ ሳጠልቅ ነው፤ ሌላ ጥፋት የለኝም።
ግራ እግሬን በሁለት እጄ አንስቼ
ከቀኙ ጉልበት ላይ አጋድሜ ትቼ
ጣቶቼን ስሸፍን፣ ቀጭ አለ ከሥሬ፤
ጭራሮ የረገጡ መሰለኝ በበሬ።
ዞርኩ። ማንም የለም።
ሕመምም የለም።
ማታ ግን ጉልበቴ ሐብሐብ አክሎ
ሱሪዬን ወጠረው፣ ቀልቶና ግሎ።
ልጄ ናት ያየችው። «አባ፣ ይሄ ምንድነው?»
የገዛ እግሬን ወሬ ከሰው ነው የምሰማው።

ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፣ መወጣጫው ከድቶኝ
ነታንያ ላይ ከአምስተኛ ፎቅ ሲጥለኝ።
ህብለ ሰረሰሬ እንደ ክር ሲበጠስ
ዕዳዬን ከፈልኩ ብዬ ነበር፣ ዳግም ላልወቀስ።
ለካ ውድቀት አያበቃም መሬት በመንካት፤
እግሬ ሲወድቅ ኖሯል በየሌቱ፣ በየጠዋት፣
ከውስጥ፣ በዝምታ፣ ነቀዝ እንደገባው ማሽላ፣
ልጡ እንዳለ ሆኖ ልቡ የተበላ።

ማሽኑ ክንዱን ዘርግቶ በላዬ እየሳበ
አጥንቴን ቆጠረ፣ ወረቀት ላይ አነበበ፦
አርባ ሦስት ነው ዕድሜዬ፣ ጉልበቴ ግን ሰማንያ፤
እግሬ ቀድሞኝ አረጀ ሳይሄድ አንድ ገበያ።

አጎቴ አባ ቢያድግልኝ አጥንት ቆጣሪ ነው፤
ወጣቶች ሲተጫጩ ሰው የሚጠራው እሱን ነው።
እስከ ሰባት ቤት ይወርዳል፣ ስም በስም፣ ሳይሳሳት፤
ለእሱ አጥንት ማለት ትውልድ ነው፤ ነቀዝ የማያውቃት።
ወረቀቱን ሰጠሁት። መነጽሩን ፈለገ፤
ቁጥሩን ሽቅብ ቁልቁል አየ፣ ጺሙን ፈተገ፤
«ስንተኛው ቤት ላይ ነው፣» አለ፣ «ቆጠራው የተሳሳተው?»
ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። እኔንም ሳቄ ቶሎ ተወው።

ጀሶው ከወለቀ በኋላ ራኒን መጣች፣ የባቃዋ፣
እጇ እንደ ጉጠት፣ እንደ ምስማር ጥያቄዋ።
«ስንት ታጨሳለህ?»
ግማሽ ፓኮ።
«እውነቱን?»
አንድ ተኩል።
«ዓረቄስ?»
ለሰንበት ብቻ።
«ሰንበትህ በሳምንት ስንት ቀን ነው?» አንገቴን ደፋሁ ቁልቁል።
«ፀሐይ ትሞቃለህ?»
በመስኮት።
«ለአጥንት የሚሆነውን መስታወት አያሳልፍም፤
ጥቁር ቆዳም ጊዜ ይፈልጋል፤ በጥላ አይሆንም።»
ወተት ከሆዴ ይጣላል ስል፣ ጠሂና ጻፈችልኝ፣
ሰርዲን ከነአጥንቱ። አጥንት በአጥንት። ገረመኝ።
«የሄደው ላይመለስ ይችላል፤ አልዋሽህም፣» አለች፤
«የቀረውን ግን እንጠብቅ።» እንዲህ ናት፣ አታባብል፣ እየጠበቀች።

ከበረንዳዬ የሐደራ ኃይል ማመንጫ ይታያል፤
ዘጠኝ ዓመት እሱና እኔ፣ ጢስ ለጢስ ተያይተናል።
እሱስ ለአገር መብራት ነው።
እኔ ለምን?
ፓኮውን ለጎረቤት ሰጠሁ። አንዷን ግን፣ አልክድም፣
ከወንበሬ ኪስ ደብቄአለሁ። አላጨስኳትም። አልጣልኳትም።

ዛሬ ማቆሚያው ላይ ነኝ። ማሰሪያው ደረት፣ ወገብ፣ ጉልበት ይዞ፤
ደሜ ወደ ታች ሸሸ፣ ጆሮዬ ጮኸ፣ ዓይኔ ፈዞ።
ከዚያ ረጋ። መሬት ከሩቅ፣ ጣራው ከቅርብ ሆነብኝ።
«ቁም ነገር» የሚሉት ቃል አሁን ገና ገባኝ።

አቪታል የተወለደችው ከወደቅሁ በኋላ ነው፤
አባቷን በወንበር ልክ ብቻ ነው የምታውቀው።
ቀና አለች። እንደገና ቀና አለች።
«ረጅም ነህ እንዴ?» አለች።
በበሩ መቃን ላይ የእሷና የወንድሟ ቁመት በየዓመቱ ተጭሯል፤
ማቆሚያውን ገፋ ገፋ አድርጋ አስጠጋችኝ፤ ጎማው ይንጫጫል።
እርሳስ ይዛ ባዶው ወንበሬ ላይ ልትወጣ ስትል፣
«ፍሬኑን ያዢ!» አልኳት። ያዘች።
ከአናቴ በላይ መስመር አሰመረች፤
ከጎኑ «አባ» ብላ ጻፈች፣ ቀኑንም።
ራኒን ሰዓቷን አየች፦
«አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀርሃል። ገና ነው አሁንም።»