አራተኛው

ከቀትር በኋላ ነው፤ ቆርቆሮው በግለት ሲንጣጣ፣
ጠልሃ ስላይዱን በሁለት ጣቱ ይዞ መጣ።
«የፈትሂያ አብዶሽ ነው፣ የገንደ ቆሬዋ፤
ከትናንት ጀምራ በር ላይ ናት ልጇ ሐዋ።»

ሆዷ ውሃ፣ ደረቷ ውሃ፤
ሰፈሩ ፈርዶ ጨርሷል፦ «ክፉው ነው፣ በቃ።»
የወጣላት ነገር ፓፓያ ያህላል፤
ነጭ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ቢላዋ ያደክማል።

ዓይኔን ዝቅ አደረግሁ።
እንዝርት፣ እንዝርት፣ እንዝርት፤
ጫፍና ጫፉ የሾለ እልፍ ቀጭን ሕዋስ፣
እንደ ሰሌን ሲጠላለፍ፣ ሲታጠፍ፣ ሲመለስ።

አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ሰው ነበር፤
ጆሮውን ለማሽን ሰጥቶ፣ በጣቱ የሚሰማ።
ድርና ማጉን ዳብሶ ይለይ ነበር
የሚበጠሰውን ክር፣ ገና ሳይላላ፣ ሳይደማ።
እኔም ሙያውን ወረስሁ፤ ብቻ የኔ ክር ደም አለው፤
ብስት የሚቀደደው ጣቃ አይደለም፣
ሐዋን ያዘለ ገላ ነው።

ፋይብሮማ ልበለው? ዝምተኛው፣ የማይጎዳ?
ወይስ ቴኮማ፣ ቅባት የቋጠረ እንግዳ?
ቅባት ፈለግሁ፣ የለም።
ከጨጓራ ተሰድዶ የሚመጣውን፣
ቀለበት መሳዩን ሌባ ፈለግሁ፣ የለም።
ሳርኮማስ? እሱ መልክ ብቻ አይደለም፤ ቁጥርም አለው፦
ለሁለት ሲከፈል የተያዘ ሕዋስ፣ ባሥር መስክ ስንት ነው?

አንድ።
ብዙ ዝምታ።
ሁለት።
ሦስት፣ ከጠርዙ ጥግ፣ ሊያመልጠኝ ሲል።
አራተኛው ላይ

መብራት ሄደ።

ጠልሃ ተሳደበ። ባጃጅ ጮኸ። እኔ በጨለማ
ጣቴን ከመዘውሩ ሳላነሳ ተቀመጥሁ፣ ቦታው እንዳይጠፋ።
ደቻቱ ከታች አሸዋውን ለብሶ ተኝቷል፤
ደረቅ ወንዝ ባንድ ሌሊት እንዴት እንደሚነሳ
ድሬ ውስጥ ያደገ ሁሉ ያውቃል።
ረጋ ያለ ነገር አላምንም።
የማይረጋንም እንዲሁ አልፈርድበትም።

አርባ ደቂቃ።
ብርሃኑ ሲመለስ አራተኛው እዚያው ነበር፦
ተጨማድዶ የጠቆረ፣ ጠርዙ የኮሰመነ።
የሚከፈል አይደለም። የሚሞት ነው።
ሦስት አልሁ። እንደገና ቆጠርሁ። ሦስት።
የሕዋሶቹም ፊት አንድ ዓይነት፣ ያልተቆጣ።

ጻፍሁ፦ ሕዋስ የበዛበት ፋይብሮማ፤ ክትትል ይደረግ።
«ክትትል» የምትለዋን ሁለቴ ሰርዤ ሁለቴ መለስኋት።

ሐዋ ወረቀቱን አልተቀበለችም፤ አፌን አየች።
«ካንሰር አይደለም» አልኋት።
አላለቀሰችም፣ አልሳቀችም፤ ጥቂት ቆየችና ጠየቀች፦
«ታዲያ ያ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?»

እጢው ሲወጣ እንደሚደርቅ ነገርኋት።
ከየት እንደመጣ ግን
እኔም፣ መጽሐፉም፣ አጥርተን አናውቅም።