ቸርችል ሽቅብ

ያማሃ ሰማንያ ናት፣ በዕድሜ እኔን ትበልጣለች፤
ብርድ ሲሆን ሦስቴ ረግጬ ዝም፣ በአራተኛው ትስላለች።
ሜዳው ላይ ክፉ አይደለችም፤ ከስታዲየም እስከ ለገሃር
እንደ ሰው ትሄዳለች፣ ከሚኒባስ ጋር ሳታፍር።

ችግሩ ቸርችል ነው።
ከፖስታ ቤት በላይ መንገዱ ቀና ሲል፣
ከማተሚያ ቤት የጫንኩት አርባ ኪሎ ወረቀት ከኋላዬ ሲንጠለጠል፣
ሁለተኛ ማርሽ፣ ከዚያ አንደኛ፣ ከዚያ ወዲያ ጸሎት ይቀጥል።
አውቶቡስ ያልፈኛል፤
በመስኮቱ አንድ ሕፃን እጁን ያውለበልብልኛል።
አንድ ቀን ደግሞ (ይህን ለማንም አልተናገርኩም)
ፍራሽ የተሸከመ ሰው በእግሩ ሲያልፈኝ ቀና አላልኩም።

ያን ለት ወሰንኩ።
ሶማሌ ተራ፣ ሸረፋ ዘንድ፣ ከቶርኖው ሥር ቆሜ ስናገር፣
“ቺሊንድሮውን አስፋልኝ፤ ካርቡራተሩንም ቀይር፤
ማርሚታውን ቁረጠው፣ ድምፅ ይኑራት፣ ይወቃት አገር!”
ሸረፋ ጣቱን በጆንያ ጠረገ፤ ጆሮውን አከከና
“ፍሬንህስ?” ብሎ ጠየቀኝ፣ ዋጋ ሳይነግረኝ ገና።
“ፍሬኗ ደህና ነው” አልኩት። “ላሁኑ ጉልበቷ ደህና ነው፤
ለአህያ የፈረስ ልብ ብትሰጥ፣ ሰኮናው ያው የአህያ ነው።”

አልሰማሁም። ዘጠኝ ሺህ ብር፣
የደረሰኝ ዕቁብ፣ የእህቴ ጫማ፣ ያልከፈልኩት ኪራይ ጭምር፣
ብሎኖቹ መሃል አስቀመጥኩት፤ ሳልቆጥብ፣ ሳልማከር።
አሮጌውን ፒስቶን አወጣ፤ በጨርቅ ጠቅልሎ አኖረ።
“ጣለው” ስለው፣ “ይቀመጥ” አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረ።

ከዚያ እሑድ መጣ።
ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አስፋልቱ በካፊያ ርሶ፣
አንድ ውሻ ፖስታ ቤቱ ደጅ የገዛ ጅራቱን ተንተርሶ፣
ከተማው ባዶ። እጀታውን ጠመዘዝኩት።
አልሳለችም፤ ጮኸች! መንገዱ ከሥሬ ተጠቀለለ፤
ቴዎድሮስ አደባባይ፣ መድፉ፣ ሳላየው ከኋላዬ ዋለ።
በሦስተኛ! በሦስተኛ ማርሽ! የማዘጋጃ ቤቱ ሰዓት
እንደ ሰው ፊት እያደገ መጣ፣ ነፋሱ ዓይኔን እንባ ሞልቶት።
ላይ ደርሼ ብቻዬን ሳቅሁ።
ዘበኛው “ደህና ነህ?” አለኝ፤ መልሱን አላወቅሁ።

ሰኞ ግን ሰኞ ነው።
ወረቀቱ ያው አርባ ኪሎ፤ ጫፍ ላይ መብራቱ ቀይ፤
ያለፍኩት አውቶቡስ መጥቶ ቆመ ከጎኔ፣ እኩል ቀዩን ሲያይ።
በራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ፍሬኑ ይለምነኛል፤
ድምጿን የወደደው ትራፊክ ብቻ ነው፣ ከሩቅ ያውቀኛል።
ሦስት ቀን የሚያደርሰኝ ቤንዚን አለቀ በቀን ተኩል፤
ማደያው ሰልፍ ላይ አሰላሁ፦
ላተረፍኳት ሁለት ደቂቃ፣ ሁለት ሰዓት ስከፍል።

ነሐሴ ላይ፣ በዝናብ፣ ከፖስታ ቤት ጥቂት አለፍ ብሎ
አንድ ነገር ውስጧ ነከሰ፤ ጎማው ቀጥ አለ፣
አዲሱ ፒስቶን ከግድግዳው ተጣብቆ፣ ተቃጥሎ።
ገፋኋት እስከ ሶማሌ ተራ። ባለ ፍራሹ ዳግም አላለፈኝም፤
ቢያልፈኝም አልቀየመው፣ ማፈሪያ ጊዜ አልነበረኝም።

ሸረፋ ምንም አላለም። መሳቢያውን ከፈተ፤
ያን ጨርቅ አወጣ፣ ሳይቸኩል ፈተፈተ፤
ቺሊንድሮውን በካሚቻ አጥብቦ አሮጌውን መለሰ።
የእጁን ዋጋ ግማሽ ተቀበለኝ፤ ፊቱን ግን አልቀነሰ።

“ያዋጣል ወይ?” ይሉኛል አሁን፣ ልጆች ጋራዡ ደጅ ሲመጡ፣
ገንዘቡን በኪሳቸው ጨብጠው፣ በዓይናቸው ቸርችልን እየወጡ።
ሒሳቡን እነግራቸዋለሁ፦ አያዋጣም። ፍሬኑን ጠግኑ፤
ካንዴላ አጽዱ፣ ፋሻ ለውጡ፣ በሰንሰለቱም አትጨክኑ።
ስለዚያ እሑድ ግን አልነግራቸውም፤
ከሒሳቡ የትኛው መስመር ላይ እንደምጽፈው አላውቅም።

ዛሬም በአንደኛ ትወጣለች፤ አውቶቡሱ ያልፈናል፤
መስኮቱ ላይ ሌላ ሕፃን ነው፣ እሱ እንኳ ይስቅብናል።
እጄ ብቻ አልተቀጣም፦
እጀታው ካለቀ በኋላም፣ ትንሽ፣ ይጠመዝዛል።