ስም የታሰረበት ብሎን

በፋሮ ደሴቶች፣ ነፋስ በማይተኛበት፣
ጣራው ሣር አብቅሎ ጉም በሚግጥበት፣
የዴሙስ ጋራዥ አለ፣ ከወደቡ ጥግ፣
ናፍጣ ናፍጣ የሚል፣ ዓሣ ዓሣ፣ በግ በግ።

የአባቴን ሞተር በጋሪ ጎትቼ
ወሰድኩለት አንድ ማለዳ፣ በካፊያ ተመትቼ፤
ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ከዕድሜዬ የበለጠች፣
ቀለሟን ጨው የላጣት፣ አባቴ ከሞተ ዝም ያለች።
ቴስታታዋን ይዘው ከኖሩት ስድስት ብሎን
አምስቱ ወጥተዋል። አንዱ ግን፣ አንዱ ግን
አንገቱ ተቆርጦ ውስጥ ቀርቷል እግሩ፣
ድድ ውስጥ እንደቀረ የክፉ ጥርስ ሥሩ።

«ማን ሰበረው?» አለ፣ መነጽሩን እየጠረገ።
«አባቴ» አልኩት፣ «ድሮ ነው።» ዓይኔ ግን ወለሉን ፈለገ።
ሙት አይሟገትም፣
ምስክር አይጠራም።
የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ ባለፈው ሐሙስ ማታ፣
መፍቻው ላይ ቧንቧ ቀጥዬ፣ በእልህ፣ በቱማታ።
ጧ አለ እንጂ አልለቀቀም።

ዴሙስ ባትሪ አብርቶ ጎንበስ አለ፣ ቀዳዳውን አየ፣ ቆየ፤
ከዚያ ቀና ብሎ የኔን ፊት ደግሞ አየ።
ምንም አላለኝም።
ሦስት ጠብታ ዘይት።
«ነገ ና» አለኝ፣ እንደ ሐኪም ቤት።
በማግስቱም ሦስት። በሠልስቱም ሦስት።

እኔ ተቃጠልኩ። ኮዱ ዓሣ መጥቷል፣
ሰው ሁሉ ጀልባውን ገፍቶ ባሕር ወርዷል፤
መዶሻ አነሣሁ። እጄን ያዘኝ በሁለት ጣቱ፦
«ይኼ ብሎንና ይኼ ብረት ተጋብተዋል፣ ሠላሳ ነው ዓመቱ።
በጉልበት የምታፋታ ከሆንህ ሁለቱም ይሞታሉ፤
ዘይት ሽማግሌ ነው። ተወው፣ ይግባ በመካከሉ።»

በአራተኛው ቀን ነበልባል ለኮሰ፤
ብሎኑን አላሞቀም፣ ያቀፈውን ብረት ዳሰሰ።
«ያቀፈህ ሲሞቅ ይሰፋል» ይላል፣ ለራሱ ሲያወራ።
ታ… ታ… ታ… በትንሽ ማርቴሎ፣ ደጅ ላይ እንግዳ እንደሚጣራ።

ከዚያ መሀሉን ፈለገ። ይኼ ነው ከባዱ፤
ፀጉር ያህል ቢስት ተበላሸ መንገዱ።
በሹል ብረት ነጥብ መታ፣ እንደ ቁንጫ ንክሻ፣
ትራፓኖውን አዞረ፣ ወደ ግራ፣ ወደ መሸሻ።
ወደ ግራ! ሰው ሁሉ ወደ ቀኝ በሚበሳበት ዓለም፣
የሚወጣን ነገር ወደሚወጣበት ካላዞሩት አይሆንም።

ብረቱ ጮኸ።
ላቤ በጀርባዬ።
ጮኸ፣ ጮኸ፣ ከዚያም ዝም።
የባሰ የተሰበረ መሰለኝ፤ ዓይኔን አልገለጥሁም።
ስገልጥ፣ ብሎኑ ከመብሻው ጫፍ ላይ ሲዞር፣ ሲዞር፣
እንደ ትል ከጉድጓዱ፣ ያለ ቂም፣ ያለ ነገር፣
ወጣ።

ዴሙስ በጨርቅ ጠረገው፣ ወደ መስኮት ያዘው።
«የቆየ ስብራት ይጠቁራል» አለ፣ ወደኔም ሳይዞር፤
«ይኼ ግን የመጣህ ዕለት እንደ ስኳር ያበራ ነበር።»

ጆሮዬ ጋለ።
እሱ ከመደርደሪያው የብስኩት ጣሳ አወረደ፣ ክዳኑ ላይ መርከብ ያለ።
ውስጡ ብሎን ነው፣ ስብርባሪ፣ ጥርስ አልባ፣ አንገት አልባ፣
በየአንዳንዱ ላይ በሽቦ የታሰረ ካርቶን፣ ካርቶኑ ላይ ስም፣ የሰው ወይም የጀልባ።
እርሳሱን ልሶ ጻፈ። አነበብኩት። የአባቴ ስም አልነበረም።
አሰረው። ጣለው። ቃ አለ። ሌላ ቃል አልተናገረም።

ክዳኑን ሳይከድን ግን ጣሳውን ወደኔ ገፋ፦
«ግማሹ የኔ ነው» አለ። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ወጥቶ ውጭ ተፋ።
ቆፈርኩ። ዴሙስ፣ ዴሙስ፣ ዴሙስ… አንዱ ባለፈው መስከረም።
የአባቴን ስም እስከ ታች ፈለግሁ።
የለም።

ማታ አዲሱን ብሎን በጣቴ አስገባሁት፣ በጣት ብቻ፣
ጥርሱን ቅባት ቀብቼ፣ ሳልነካ መፍቻ።
እስኪሄድ ሄደ።
ሲቆም፣ እኔም ቆምኩ።