የመታጠፊያዎቹ ቁጥር

ከጓሯችን ካለችው ባለ አንድ መስኮት ቤት፣
ሚስተር ቼሪያን ገባ በነሐሴ ክረምት፤
ሁለት ሻንጣ፣ አንድ ጃንጥላ፣ ጫፉ የተበሳ፤
ቀና ብሎ ቢያየው ጉም የዋጠው ጦሳ፣
"ቶሳ" አለ። ሳቅን። አረምነው፦ "ጦሳ!"
"አዎ፣ ቶሳ" አለን፣ ትንሽ እንኳ ሳይረሳ።

ከኬረላ ነው የመጣው፣ ዝናብ ያውቃል እሱ፤
የደሴን ብርድ ግን አልነገሩትም ሲያስፈርሙት እነሱ።
ሹራብ ላይ ኮት ደርቦ፣ ኮቱ ላይ ደግሞ ጋቢ፤
ክፍል ገና ሳይገባ ስም ወጣለት፦ ሚስተር ጋቢ።

ጉድ እኮ ነው መቼም! የሒሳብ አስተማሪው
"ቁጥር" ማለት አቅቶት "ኩትር" ነው የሚለው።
ሰሌዳው ፊት ሲቆም ግን ማን ደፍሮ ይስቅበት፤
ጠመኔው አይሳሳት፣ ክቡ አይጣመምበት።

"ፈረንጅ! ፈረንጅ!" ይላሉ የፒያሳ ልጆች ከኋላው፤
ቆም ብሎ ዞር ይላል፣ እጁን ይዘረጋል፦ "ይኸው፣
ካንተ እጅ ይጠቁራል፤ ፈረንጁ የቱ ጋ ነው?"
ልጆቹ ተማክረው አንዱ ብይን ሰጠ፦
"ጥቁር ፈረንጅ ነው!" ክርክሩ ተቆረጠ።

እኔ ያከራይ ልጅ ነኝ፣ ስድስተኛ የምማር፤
ውሃ አመላልሳለሁ፣ ክፍያዬ ክፍልፋይ ነበር።
ባልዲው ከራሴ ሳይወርድ "ሁለት ሦስተኛ ሲደመር
አንድ አራተኛ፣ መልስ!" ይለኛል ከደጃፉ ዳር።
እኔን "አንተ" እያለኝ፣ አባቴን ደግሞ "አንቺ"፤
ላርመው ስል አባዬ፦ "ይማርበት፣ ተይው አንቺ።"

በወር አንዴ ይመጣል ሰማያዊ ፖስታ፣
ክብ ክብ ፊደል የሞላው፣ መነጽር በሰልፍ የገባ ይመስል ለአንድ አፍታ።
"የእናንተ ፊደል እግር አለው፣ ቆሞ ይሄዳል" አለኝ፣
"የእኛ ግን ይንከባለላል።
ለዚያ ነው የሚስቴ ወሬ አርባ ቀን የሚፈጀው፣
ሐርቡን አልፎ ዳገቱን እየተንከባለለ ሲወጣው።"

ቅዳሜ ቅዳሜ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤
ምን ልታደርግ? ሲሉት "ሙቀት ልገዛ" ይላል፤
ፓፓያ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይመጣል።
ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ መታጠፊያ ይቆጥራል፦
ሲወርድ ሠላሳ አራት፣ ሲወጣ ሠላሳ ሰባት።
"አንድ መንገድ፣ ሁለት ኩትር? ይህ ነገር ስህተት አለበት።"
"ጉሙ ነው" አለው ሹፌሩ፣ "ሦስቱን ጉም በላብህ፤
ስትወርድ ነው የሚሰርቅህ።"

በግንቦት ቴሌግራም መጣ። በሩ እንደተዘጋ ዋለ።
እናቴ መስኮቱን አይታ፦ "መብራቱን አላበራም፣ ይህ ሰው ደህናም አይደለ።"
"እድርተኛ አይደለም" አለ ጸሐፊው፣ ስም እየቆጠረ፤
ጋሽ ይማም፦ "ጎረቤት ነው" አለና ድንኳኑን አስወጠረ።
ንፍሮው ተቀቀለ፣ ፍራሹ ተነጠፈ፤
ሚስተር ጋቢ እጁን የሚያኖርበት ጠፋው፣ ጉልበቱን አቀፈ።
"እናትህን ማን እንበላት?" አለች አንዷ ከዳር።
"ማርያማ" አለ፣ ቀስ ብሎ።
"ማርያማ? ውይ! አገሯ ሩቅ፣ ስሟ ግን የሰፈር!"
ያኔ አለቀሰ። በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ አልለየሁም፤
ልቅሶ ውስጥ ጠም ጨም የለም።

ውሉ ሲያልቅ ሄደ። ጃንጥላውን ለእኔ ተወው፣
ጋቢውን ግን አጥፎ ሻንጣው ውስጥ ከተተው።
"በዚያ ሙቀት ምን ሊሠራልህ?" ብትለው እናቴ፣
"ለማስረጃ" አላት፣ "አያምኑኝም እነ ሚስቴ።"

ዛሬ እኔም አስተምራለሁ፣ ክፍልፋይ፣ ኮምቦልቻ፤
ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ፣ መስኮት በኩል ብቻ።
ልጨርሰው ብዬ ያንን የሱን ቆጠራ፣
አንድ እላለሁ ከመውጫው፣ ሁለት... ከጉሙ ጋራ፤
ዶሮ መዝለያ ስንደርስ፣ ልክ ሰባት ላይ ስሆን፣
ረዳቱ ትከሻዬን ነካ ያደርጋል፦
"ሒሳብ!"
ሳንቲም ስፈልግ በቦርሳዬ
ኩትሩ ይጠፋኛል።