በግራ በሯ ውስጥ

ያገኘኋት ገላን ነው፣ ከኦቦ ቱፋ ጭድ ቤት፣
ዓይኗን አቧራ ጋርዶት፣ አፏን ደፍኖት ሸረሪት፤
ሦስት ቄቦች ተሳፍረው ከኋላ ወንበሯ፣
አውራው መሪዋ ላይ ቆሞ፣ ልክ እንደ ሹፌሯ።

«ኢምፓላ ናት!» አልኩኝ።
«ምንድን ናት?» አሉኝ።
«ያሜሪካ መኪና።»
«እሷ እንኳን አሜሪካ፣ ዱከምም አትደርስ» አሉና
ከት ብለው ሳቁብኝ። ሳቁ ሲበርድ ዋጋ ጠሩ፦
አንድ ወይፈን፤ ሁለት ኩንታል ፉርኖ፤
ሦስተኛውን ግን ኮስተር አሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ብሎ፦
«ዶሮዎቼን አፈናቅለህ የትም አትሄድ። ቤት ሥራላቸው።»
እናም የዚያች መኪና የመጀመሪያ ጥገና
ለአራት ተፈናቃይ ዶሮ ጎጆ ማቆም ሆነና
ሁለት ቅዳሜዬን በላ።

ስምንት ሲሊንደር በሆዷ፣ ሁለት በሬ በፊቷ፣
በቀንበር ተጎትታ አስፋልት ወጣች እመቤቷ።

ባለቤቴ አስካለ አጥሩ ጋ ቆማ አየቻት፤
«ጣውንት አመጣህብኝ፣ ያውም ዘይት የምትጠጣ፣
ያውም ጥርሷ ያለቀ፣ ያውም ወንበሯ በኩስ የነጣ!»
ብላ በሩን ዘጋች።

ከክር ፋብሪካው ጀርባ፣ አቃቂ፣ ባሕር ዛፍ ሥር፣
ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት ነን፦
አጎናፍር፣ ባትሪ በምላሱ የሚለካ፤
ደገፋ ባቲላሜራው፣ ጆሮውን መዶሻ የነካ
(ስትጠራው አይሰማህም፤ ፓራፋንጎ ስታንኳኳ ግን
«እሱ ጋ ስቱኮ ነው» ይልሃል ፊቱን ሳያዞር)፤
እኔ ደግሞ ገንዘቡ፣ ደሞዜን ለካንዴላ፣ ለካላማዳሪያ የምገብር።

ካርቡራቶሯን ከምናለሽ ተራ፣ ከወፍጮ ጥርስና ከአልጋ ብረት መሀል፣
ክላክሷን ከአንድ የሞተ አውቶብስ፤ ስትጮኽ ሰው ሊሳፈር ይሮጣል።
ከኋላ ስድስት ክብ መብራት ነበራት፤ አምስቱን አገኘን፤
ስድስተኛው የቲማቲም ጣሳ ነው፣ ቀይ ቀብተን የሰካን።

ቀለሟ ላይ ተጣላን።
አጎናፍር «ጥቁር» አለ። እኔ «ቀይ»። ደገፋ አልሰማም፤
የበሩን ጎማ ሲልጥ፣ ከሥሩ፣ ጥፍር የምታህል
ፀሐይ ያላየችው ቀለም፣ አንድም ቃል ሳይናገር፣
በጣቱ አሳየን፦
በጥቅምት፣ የገላን ማሳ ላይ፣ ማለዳ የሚፈካው
የተልባ አበባ ሰማያዊ።
ዝም አልን።
በሳምንቱ አስካለ ሜትሯን ይዛ መጣች፤
«ጣውንቴ በተቀደደ ወንበር አትሄድም» ብላ ለካች።

ያን ሰሞን ነው፣ የግራ በሯን ስንገጥም፣
ከደገፋ ጣት አምልጣ አንዲት ብሎን የወደቀችው፣
ኳ... ኳ... ኳ... እያለች ከላሜራው ሆድ የገባችው።
«ነገ አወጣታለሁ» አለ።
ነገ ሰባት ዓመት ሆነ።

መጀመሪያ የነዳናት ዕለት ኦቦ ቱፋ ጋቢና ናቸው።
ዱከም ሊታየን ሲል፣ ሰልባትዮው ዝገት ተፋ፣
ሞተሯ ሁለቴ አሳላትና ድምጿ ጠፋ።
«አላልኩም?» አሉ ኦቦ ቱፋ።
አልወረዱም። መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ ክንዳቸውን አውጥተው፣
እኛ በላብ ስንገፋ፣ ለመንገደኛው ሁሉ ሰላምታ ሰጥተው
ዱከም ገቡ።
ከዚያ ወዲያ ብዙ ነድቻታለሁ፤
በሕልሜ ግን ሁልጊዜ የምገፋት ነው።

ኋላ መንገዱ ሊሰፋ አጥሬ ላይ ቀይ ምልክት ተቀባ።
ለኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ኢምፓላ አይወጣለትም።
ሊብሬዋን ፈርሜ ሰጠሁ፣ ለሰርግ መኪና አከራይ።
ደገፋ አላየም፤ ክረምቱ ሳይወጣ አርፎ ነበር።

ባለፈው እሁድ፣ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ፣ ታክሲ ስጠብቅ፣
ሪባን ለብሳ መጣች።
ነጭ ቀብተዋታል።
ስድስቱም መብራቷ እኩል ይበራል፤ ጣሳችንን ጥለውታል።
ሙሽራዋ ስልኳን ታያለች፤ ቪዲዮ አንሺው መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል።
የሌላ ሰው መኪና ናት ብዬ ፊቴን ላዞር ስል
ጎማዋ ጉድጓድ ገባ፤

ኳ... ኳ...

ከግራ በሯ ውስጥ።

«ነገ» አለ ደገፋ።