ገቢና ወጪ

ሃያ ዓመት ሙሉ በኬዮን ወደብ
የጀልባ ሞተር ፈታሁ፣ ገጠምሁ፤
ሲያስል፣ ሲያቃስት በጆሮዬ ሰምቼ
በሽታውን ነገርሁ።
ልጄን ግን አልሰማሁም።
ማለዳ ማለዳ ፊቷ ሲያብጥ
"እንቅልፍ ነው" አልሁ፣ "ወዝ ነው" አልሁ፤
ኖልፋ ትክ ብላ ስታየኝ
ጎንበስ ብዬ ብሎን ፈለግሁ።

ከደሴታችን በፌሪ ተሻግረን፣
ዝናብ ከላይ፣ ባሕር ከታች፣
ፑኤርቶ ሞንት ስንደርስ
ሐኪሟ አንድ ወረቀት ዘረጋች።
"ኩላሊቶቿ ደክመዋል" አለች።
ደክመዋል! እንደ ሰው፣ እንደ ቀዛፊ።
"ታዲያ አርፈው ይነሡ ይሆን?" ብላት
መነጽሯን ወለወለች።

ፈረምሁ።
በሦስት ዓይነት ሳሙና ያልለቀቀ ግራሶ
ከአውራ ጣቴ ወርዶ ወረቀቱ ላይ ዐረፈ፤
ሁለት ጊዜ የፈረምሁ መሰለኝ፤
አንዱን እኔ፣ ሌላውን ሥራዬ ጻፈ።

ሬልሙ አራት ዓመቷ ነው።
ጎማ ባለው አልጋ ተጋድማ
"አባ፣ ሊፈቱኝ ነው?" አለችኝ።
"አዎ፤ መልሰው ይገጥሙሻል።"
"ብሎን ቢተርፋቸውስ?"
ምን ልበላት?
በእኔ ጋራዥ ሁሌም ይተርፋል፤
ጣሳ ሙሉ ነው፤ እሷ ናት የምትቆጥረው።
በሩ ተዘጋ።
አራት ሰዓት ሙሉ ኮሪደር ላይ
የአንድ ወንበር ላላ ያለ እግር
በሳንቲም ሳጠብቅ ቆየሁ።

ስትነቃ ከእምብርቷ አጠገብ
ቀጭን ነጭ ቱቦ ወጥቶ ቀርቷል።
ገልጣ አየችው። ወደ እኔ ዞረች።
"አላልኩህም? ተርፏቸዋል።"

ከዚያ ወዲህ ሌሊታችን የማሽኑ ነው።
ራስጌዋ ቆሞ ሆዷ ውስጥ ውኃ ይተፋል፣
ያንኑ መልሶ ይጠጣል፤
"ዓሣ ነባሪው" ትለዋለች።
እኔ የጋራዡን የዱቤ መዝገብ ገልብጬ
ከጀርባው እጽፋለሁ፦
ገቢ አምስት መቶ፤ ወጪ አምስት መቶ አርባ።
በሰው ቤት ወጪ ከገቢ ሲበልጥ
ድስት ይጣዳል፣ ውስጡ ባዶ ይሆናል፤
በእኛ ቤት ግን እልል ይባላል።
ያቺን አርባ በቀይ አሰምርባታለሁ።
የነዚያ ማለዳዎች ዕዳ ናት፤
በጠብታ በጠብታ እየከፈልኋት
እስካሁን አላለቀች።

በሐምሌ፣ አንድ ሌሊት፣
ነፋሱ የመብራቱን ሽቦ በጠሰው።
ዓሣ ነባሪው አንዴ ጮኸና ዝም አለ።
ኖልፋ ባትሪ ያዘች።
እኔ እጄን እስከ ክርኔ ታጠብሁ፣
ነርስ ዶሚቲላ እንዳስለመደችን፣
ቀስ እያልሁ፣ እስከ መቶ ሃያ እየቆጠርሁ።
ጭምብል አጥልቀን ትንፋሻችንን ደበቅንባት፤
ከረጢቱን የዝናብ ካፖርቴ ከሚሰቀልበት
ሚስማር ላይ ሰቀልሁት።
ውኃ ቁልቁል ለመውረድ መብራት አይለምንም።
በጨለማው ውስጥ ሰማሁት፣
ያኔ በሰነፈው ጆሮዬ ሰማሁት፤
ጠብ... ጠብ... ጠብ...
አልሳለም፤ አላቃሰተም።
"ጸልይ እንጂ" አለችኝ ኖልፋ።
"እየቆጠርሁ ነው" አልኋት።
የዚያን ሌሊት ለእኔ ያው ነበር።
ልጅቱ እንኳን ልትነቃ
ጎኗንም አልቀየረች።

አሁን የምንጠብቀው ሚዛን ነው።
አሥራ አምስት ኪሎ ስትሞላ
ዳግም ትከፈታለች፤
አንደኛው ኩላሊቴ ይስማማታል ብለዋል።
እሷ አሥራ ሦስት ተኩል ላይ ቆማ
ሾርባ ባየች ቁጥር
አፏን ግጥም ታደርጋለች።

ትናንት የሆስፒታል ቦርሳዋን ስፈትሽ
በካልሲ የተጠቀለለ
አንድ የዛገ ብሎን አገኘሁ።
"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?"
"ለሐኪሟ ነዋ" አለች፤
"ምናልባት አሁን ቢጎድላት።"